አራት ለአንድ

ተጫዋቾች ጀግኖችን፣ መሪው ደግሞ ጭራቆችን ወክለው ዳይስ እየጣሉ በሚጫወቱት የ«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የጠረጴዛ ጨዋታ መሪነት ከተቀመጥኩ ወዲህ ብቻውን የሚገጥም አለቃ ጭራቅን እንደማዘጋጀት ያበሸቀኝ ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአምስተኛው እትም የጭራቆች መጽሐፍ ጎልማሳው ቀይ ዘንዶ 256 የሕይወት ነጥብና በአማካይ 63 ጉዳት የሚያደርስ የእሳት እስትንፋስ ስላለው፣ በወረቀት ላይ ሲያዩት ያስፈራል። ጠረጴዛው ላይ ግን እርሱ አንድ ተራ ሲያገኝ አራት ተጫዋቾች አራት ተራ ስለሚያገኙ፣ ያ ሁሉ ግርማ በጥቂት ዙር ተቀጥቅጦ ያልቃል።

መላ ተብለው የተሰጡን በሌሎች ተራ ማብቂያ ላይ የሚወሰዱት ሦስት ተጨማሪ ድርጊቶች ናቸው፤ እነርሱም ጅራት መወንጨፍ፣ ክንፍ መምታት፣ ይባስ ብሎም ዙሪያን ማስተዋል ነው። (ሊሞት የተቃረበ ዘንዶ ዙሪያውን የሚያስተውለው ምን ሊያይ ነው?)

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በቀን ሦስት ጊዜ የከሸፈ መከላከያውን እንደተሳካ የሚያስቆጥርለት ሕግ ነው። አስማተኛዋ ተጫዋች ብዙ አስባ ሽባ የሚያደርገውን ድግምት ትሰነዝራለች፤ ለዘንዶው የጣልኩት ዳይስ ዝቅተኛ ቁጥር ያወጣል፣ መከላከያው ከሸፈ ማለት ነው፤ እኔ ግን በዚያ ሕግ ፊቷ እየጠቆረ «አልያዘውም» እላለሁ። ሦስቱ ካለቁ በኋላ ደግሞ ቀጣዩ ድግምት ይይዝና ዘንዶው እንደ ሐውልት ተገትሮ ይጨፈጨፋል።

«አጃቢ ጨምርለት» ይሉኛል። ታዲያ ብቸኝነቱ ምኑ ላይ ነው? የሕይወት ነጥቡን ብጨምርለትም ውጊያው ይንዛዛል እንጂ አይከብድም። ገንዘብ አውጥተን የገዛነው መጽሐፍ ይህን የቤት ሥራ ለምን ለእኔ እንደሚተውልኝ ፈጽሞ አይገባኝም።