መቶ እጥፍ የሚባለው ቁጥር ጀርባ ላይ አይሠራም

ባለፈው ሳምንት በሥራ ቦታዬ ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የተናገሩት እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። በኦፕራሲዮን ለሚወልዱ እናቶች ከስፓይናል ማደንዘዣው (በጀርባ በኩል በመርፌ ከሚሰጠው) ጋር የምንጨምረው የሕመም ማስታገሻ፣ ሞርፊን፣ እንዲቀር ተወሰነ። በምትኩ ሌላው ማስታገሻ፣ ፌንታኒል ብቻ። ምክንያታቸው? «ፌንታኒል ከሞርፊን መቶ እጥፍ ይበረታል፤ ጠንካራው እያለ ደካማው ለምን?»

መቶ እጥፍ የሚባለው በደም ሥር ሲሰጥ ነው። እዚያ ማንም አይከራከርም። ፌንታኒል ስብ ይወዳል። ደምን ከአንጎል የሚለየውን ግድግዳ ለማለፍ ደግሞ ስብ መውደድ ይጠቅማል። ሞርፊን ውሃ ስለሚወድ በሩ ላይ ይንገላታል።

በስፓይናል ስንሰጥ ግን ያንን ግድግዳ በመርፌ አልፈነዋል። መድኃኒቱን የምናስቀምጠው ህብለ ሰረሰሩን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ ፈሳሹም ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ወጥ ሲበስል የበርበሬው ቅላት ከዘይቱ ጋር ይንሳፈፋል፤ ጨው መረቁ ውስጥ ይቀራል። ፌንታኒል እንደ ቅላቱ ነው። ዙሪያው ደግሞ ስብ ሞልቷል። የነርቮቹ ሽፋን ስብ ነው፤ ከህብለ ሰረሰሩ ሽፋን ውጪም ስብ አለ። ፌንታኒል ወደዚያ ይሸሻል፣ ከዚያ ደም ጠርጎ ይወስደዋል። ሕመም ወደሚተላለፍበት የህብለ ሰረሰሩ ግራጫ ክፍል የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ሞርፊን መረቁ ውስጥ ይቆያል፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ረጅም ሰዓት ይሠራል።

የምንሰጠውን መጠን ራሱን እዩት። ለአዋቂ በተለመደው መርፌ 10 ሚሊ ግራም (10,000 ማይክሮ ግራም) የሚሰጠው ሞርፊን፣ በስፓይናል 100 ማይክሮ ግራም ይበቃል። አንድ መቶኛ! ፌንታኒልስ? በደም ሥር 100 ማይክሮ ግራም የምንሰጠውን ጀርባ ላይ 25 እንሰጣለን። አንድ አራተኛ ብቻ። የሚቆየውም ከ2 እስከ 4 ሰዓት ነው። ሞርፊን 18፣ አንዳንዴም 24 ሰዓት ይዘልቃል። ታዲያ ደካማው የትኛው ነው?

የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ የተሠራች እናት ማታ 2 ሰዓት ላይ ሕፃኗን ለማጥባት በጎኗ ልትዞር ትሞክራለች። በአንድ እጇ ቁስሉን በነጠላዋ ደግፋለች፣ በሌላው የአልጋውን ብረት ጨብጣለች። ከንፈሯን ነክሳለች። እናቷ «አይዞሽ ልጄ» ይሏታል። እኛ ደግሞ ፓራሲታሞል ይዘንላት እንመጣለን።

ሞርፊን ያሳክካል፤ አዎ። ከፈሳሹ ጋር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከብዙ ሰዓት በኋላም ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። በዚህ መጠን ግን አልፎ አልፎ የሚገጥም ነገር ነው፤ መልሱም ትንፋሽ መቁጠርና የሞርፊንን ኃይል የሚያከሽፈውን መድኃኒት፣ ናሎክሶንን፣ በቅርብ ማስቀመጥ ነው። ነርስ አነሰን የሚል ካለ በግልጽ ይናገር። የነርስ እጥረትን «ጠንካራና ደካማ» በሚል ወሬ መሸፈን ግን ነውር ነው።

ፌንታኒል ይቅር አላልኩም። ቶሎ ስለሚይዝ ኦፕራሲዮኑ ላይ እናቲቱን ያሳርፋታል። ሁለቱን አብረን ስንሰጥ ኖረናል።

ማቆያ ኬሚካል የሌለበት፣ ለጀርባ የሚሆነው ሞርፊን ጠፋ ቢሉኝ ዝም እል ነበር። እሱ እውነተኛ ችግር ነው። ግን አልጠፋም። ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አለ፤ ትናንት ተራዬን ስረከብ አምፑሎቹን የቆጠርኩት እኔው ነኝ።