ይድረስ በኮምፒውተሬ ቀኝ ግርጌ ለሚኖሩት ለተከበሩ አንቲቫይረስ

ጉዳዩ፦ በየዕለቱ የሚያቀርቡልኝን የ«ፈቃድዎን ያድሱ» ጥያቄ ይመለከታል።

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና መሆኔን በጽሑፍ ለማረጋገጥ የተገደድኩት ግን ከትናንት በስቲያም፣ ትናንትም፣ ዛሬ ጠዋት ቡና ሳልቀምስም «አደጋ ላይ ነዎት» የሚል ቀይ ማስታወቂያ ስለለጠፉብኝ ነው። ማስታወቂያውን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ በጥሞና አንብቤዋለሁ። አደጋው ምን እንደሆነ አይገልጽም፤ በየትኛው ፋይል ውስጥ እንደተሸሸገም አይናገርም፤ የእድሳቱን ዋጋ ግን እስከ ሳንቲሙ ድረስ በዶላር አስፍሯል።

ወደ ዶላሩ እመለስበታለሁ። በቅድሚያ ውለታ የምክድ ሰው አለመሆኔን ይወቁልኝ። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞርበት ዘመን፣ ሲቪ ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ፍላሽ እንደ ገባ አይወጣም ነበር። ቤት ተመልሶ ሲሰካ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይገኛሉ። እውነተኞቹ ፎልደሮች አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው በስማቸው ሾርትከት አስቀምጧል፤ ፎልደሬን ከፈትኩ ብሎ ያንን የሚጫን ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሳዋል። የመመረቂያ ጽሑፌ ጠፋ ብለው ፍላሹን ፎርማት ያስደረጉ፣ ማለትም ተደብቆ ብቻ የነበረውን በእርግጥ ያስጠፉ ጓደኞች አሉኝ። በዚያ ወቅት እርስዎ ፍላሹ ገና ሲሰካ ጮኸው ይዘውልኛል፤ ይህ በግል ማኅደርዎ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀመጥ። ይሁን እንጂ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፕሮግራም በራሱ እንዲነሣ ይፈቅድ የነበረውን በር እ.ኤ.አ. በ2011 በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ሳይቀር በአፕዴት የዘጋው ማይክሮሶፍት ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላም እርስዎ ደጁ ላይ ቆመው ደመወዝ መጠየቅዎን አላቋረጡም።

በግቢው ውስጥ ሌላ ዘበኛ ከተቀጠረም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባለው የማይክሮሶፍት የራሱ አንቲቫይረስ ከቤቱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ክፍያም አይጠይቅም። ጀርመን፣ ማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ-ቴስት የተባለው የፍተሻ ተቋም እርስዎንና የሙያ ባልደረቦችዎን በሚፈትንበት ፈተና፣ ዲፌንደር በቅርብ ዓመታት ደጋግሞ ሙሉ ነጥብ አግኝቷል። ይሉኝታው ደግሞ የሚገርም ነው፤ እርስዎ ሲገቡ ቦታውን ለቆ ዘወር ይላል፣ እርስዎ ሲወጡ ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ ሥራውን ይቀጥላል። እንግዲህ «እኔ ከሌለሁ ቤትዎ ክፍቱን ያድራል» የሚሉኝ ይህ ሰው እዚያው ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ እየሰማዎት ነው።

ፍተሻ የሚጀምሩበትን ሰዓት በሚመለከት ብዙ አልልም። መብራት ሄዶ ባትሪው 20 በመቶ ሲቀረው፣ እኔም ሳልጨርስ እንዳይዘጋብኝ እየጸለይኩ ስጽፍ፣ የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ቤት ማጓራት ከጀመረ እርስዎ ተነሥተዋል ማለት ነው።

ወደ ዶላሩ ልመለስ። እርስዎ በመጀመሪያ ወደ ቤቴ የገቡት በጥገና ቤት ልጅ እጅ ሲሆን፣ ልጁም «ፉል ቨርዥን ነው» ብሎ ነበር ያስረከበኝ። ፉል ቨርዥን ማለት የተሰበረ ቁልፍ፣ ማለትም ሳይከፈልበት የሚሠራ የፈቃድ ኮድ ማለት መሆኑን እኔም እሱም እናውቅ ነበር፤ በሌላ አነጋገር፣ ሌባ እንዲጠብቅልኝ ያስገባሁት ዘበኛ ራሱ የተሰረቀ ነበር። በስድስተኛው ወር ቁልፉ ሲነቃበት «አሁኑኑ በካርድዎ ይክፈሉ» ማለት ጀመሩ። በእጄ ያለው ካርድ የብር ካርድ ነው፤ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዘይት ይገዛልኛል እንጂ ባሕር ማዶ ተሻግሮ ለእርስዎ 39 ዶላር ከ99 ሳንቲም አይከፍልም። ይህንን ለማስረዳት ያልተጫንኩት ቁልፍ የለም። የሰጡኝ አማራጭ ግን ሁለት ብቻ ነው፤ «አሁን አድስ» እና «በኋላ አስታውሰኝ»። «ተወኝ» የሚል አማራጭ በእርስዎ ቋንቋ ውስጥ ያለ አይመስልም።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር ትዝ አለኝ። በግል ኮምፒውተሮች ላይ ከተሠራጩት ቫይረሶች ቀደምት የሆነውን ብሬይንን እ.ኤ.አ. በ1986 የጻፉት የላሆር፣ ፓኪስታን ነዋሪ የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች፣ በቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልካቸውን አኑረው ነበር። ቫይረስ እንኳን «ችግር ካለ ደውሉልን» ይል የነበረበት ዘመን ነው። እርስዎን ከኮምፒውተሬ ለማስወጣት ስሞክር ግን ያገኘሁት አድራሻ ሳይሆን «በእርግጥ ሊለዩን ነው?» የሚል ያዘነ ፊት፣ ቀጥሎ የግማሽ ዋጋ ቅናሽ፣ ቀጥሎም የስንብቴን ምክንያት የሚጠይቅ ቅጽ ነው።

የራሴን ጥፋት አልሸሽግም። ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ያወረድኩት የተሰበረ የቪዲዮ ማቀናበሪያ አብሮት የመጣው መመሪያ በተራ ቁጥር አንድ ላይ «ከመጫንዎ በፊት አንቲቫይረስዎን ያጥፉ፤ ይህንንም ፎልደር ከፍተሻ ውጭ ያድርጉ» ይላል። ሌባ ከመግባቱ በፊት ዘበኛውን አስተኛልኝ ብሎ በትሕትና ሲጠይቀኝ፣ እኔም በትሕትና አስተኛሁዎት። ከማጥፋቴ በፊት ግን እርስዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ሳይጠሩ፣ የፋይሉን ስም ጠቅሰው እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጥተውኝ ነበር። እኔ ደግሞ ለወራት ያስለመዱኝን አደረግሁ፤ ሳላነብ ዘጋሁት።

አፕዴትንም «ዳታ ይበላል» ብዬ ዘግቼው ኖሬአለሁ፤ ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሳይቀር ሲያሽመደምድ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን አፕዴት ማይክሮሶፍት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። ዊንዶውስ 10 ራሱ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ሲያበቃ እርስዎ ስለዚህ ጉዳይ የነገሩኝ ነገር የለም። ያን ዕለት የነገሩኝ ኮምፒውተሬ 1,300 «አላስፈላጊ ፋይሎች» እንዳሉበትና በክፍያ እንደሚጠርጉልኝ ነው።

ይቅር የማልለው ግን በእናቴ ላይ ያደረሱትን ነው። እናቴ አሜሪካ ካለችው እህቴ ጋር በምትነጋገርበት ላፕቶፕ ላይ ለዓመታት ቀይ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር መታዘዝን ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ የኢንተርኔት ገጽ ማስታወቂያ እንዲልክላት «ፍቀድ» የሚል ቁልፍ ሲያቀርብላት ፈቀደች፤ ከዚያ ወዲህ በዚያው በእርስዎ ጥግ፣ በዚያው በእርስዎ ቀለም፣ ጋሻዎን እንኳን ሳይቀር የለበሰ አጭበርባሪ ብቅ ማለት ጀመረ። «ልጄ፣ አምስት ቫይረስ ገብቶብኛል ይላል፤ የካርዴን ቁጥር ልስጠው?» ብላ ስትደውልልኝ፣ ሁለታችሁን የምትለይበት ምልክት ልነግራት ፈልጌ ምንም አጣሁ። ሁለታችሁም ታስፈራራላችሁ፤ ሁለታችሁም ካርድ ትጠይቃላችሁ። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ጓደኛው መስሎ ለጻፈለት ሰው የቴሌግራም ማረጋገጫ ኮዱን ልኮ አካውንቱን በተነጠቀበት ሰዓት፣ እርስዎ የሠርግ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እየፈተሹ ነበር።

ታማኝነትን በሚመለከት አንድ ባልደረባዎን ብቻ ልጥቀስ። አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አሰሳ መረጃ ጃምፕሾት በተባለው ቅርንጫፉ በኩል ሲሸጥ ቆይቷል በሚል ክስ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። እርስዎ እንዲህ አድርገዋል አላልኩም። ሁለት መቶ አንቀጽ ያለውን ስምምነትዎን አንብቤ ስላልጨረስኩ፣ አላደረጉም ለማለትም አልደፍርም።

ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ ከሥራ የተሰናበቱ መሆኑን እያስታወቅሁ፣ ክሊራንስ ለመጨረስ ያመችዎት ዘንድ በእጅዎ የሚገኙትን የሚከተሉትን ንብረቶች እንዲያስረክቡ አሳስባለሁ፦ ሳይጠይቁኝ የቀየሩትን የብራውዘሬን መነሻ ገጽ፣ ከላዩ ላይ የለጠፉትን የፍለጋ መስመር፣ «ፍጥነት ጨማሪ» ብለው ያስገቡትንና ላፕቶፑን ያዘገመውን ዘመድዎን፣ እንዲሁም ከጀምበር መውጫ አንሥቶ የሚይዙትን ግማሽ ሜሞሪዬን። የአገልግሎት ምስክር ወረቀት ከፈለጉ «በፍላሽ ዘመን በትጋት አገልግለዋል» ብዬ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለዲፌንደር፣ ሥራውን እንዲረከብ
ለእናቴ፣ በስልክ
ለጥገና ቤቱ ልጅ፣ «ፉል ቨርዥኑን» እንዲወስድልኝ
ለማኅደር፣ ከፍተሻ ውጭ በተደረገው ፎልደር ውስጥ