ለክቡር ጀርባ፣ በቆሙበት

ጉዳዩ፦ ስለ 9 ሳንቲ ሜትር ተኩል

ክቡር ሆይ፣

በስምዎ ያልጠራንዎት ስለማናውቀው ነው። ፊትዎንም አይተነው አናውቅም። ጀርባዎን ግን ከልብስ ሰፊዎ በላይ እናውቀዋለን፦ የማሊያዎ ቁጥር የቱ ጋ እንደተላጠ፣ ፀጉር ቆራጩ አንገትዎ ላይ የረሳትን ትንሽ ፀጉር፣ ከኋላ ኪስዎ ግማሹ ብቅ ያለውን ቦርሳ (እሱን እንኳ ወደ ፊት ያዙሩት፤ ከስታዲየም እስከ ለገሃር ብዙ እጅ አለ)። ሰው ክቡር ትሪቡን (የክብር መቀመጫው) ይገባል፤ ለእኛ የደረሰን ክቡር ጀርባ ነው።

እኛ ከኋላዎ ባለው ረድፍ የምንቀመጥ ቤተሰቦች ነን። በየጨዋታው ሰዎቹ እንለያያለን፣ የምናየው ጀርባ ግን ያው ነው። ልጅ ይዞ ስታዲየም መምጣት ምን እንደሚፈልግ ያውቁ እንደሆን እንጃ። ለ10 ሰዓት ጨዋታ 8 ሰዓት ተኩል በር ላይ መድረስ፣ ፍተሻው ጋ ቀበቶ መፍታት፣ ሱሪን በአንድ እጅ ልጅን በሌላው እጅ መያዝ፣ ከዚያ ደረጃ፣ ከዚያ የወንበር ቁጥር ፍለጋ፣ ልክ ሲቀመጡ ደግሞ “ሽንት” የሚል ልጅ። ይህ ሁሉ ሜዳ ለማየት ነው። ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል፤ እርስዎ ይነሳሉ።

ስታዲየም የሚነድፍ መሐንዲስ ሌሊት የሚያስጨንቀው ጣሪያው ይመስልዎታል? አይደለም። የሚጨነቀው ለአንዲት ቁጥር ነው። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ወደ ሜዳው ጠርዝ መስመር ሲያይ፣ እይታው ከፊቱ ከተቀመጠው ሰው ዓይን በላይ በስንት ሳንቲ ያልፋል? 12 ከሆነ ከፊት ያለው ሰው ኮፍያ እስካላደረገ ድረስ ሁሉም ነገር ይታያል። 9 ከሆነ ደህና ነው፣ አንገት ቀና ማድረግ ይበቃል። 6 ከሆነ በሁለት ጭንቅላት መሃል ማጮለቅ ነው።

ሒሳቡን እናሳይዎ። እርከኑ ወደ ኋላ 80 ሳንቲ፣ ወደ ላይ 30 ሳንቲ ነው እንበል። እርስዎ ተቀምጠው (ተቀምጠው ብለን እናስብ እንጂ) ዓይንዎ ከጠርዙ መስመር 20 ሜትር ይርቃል፣ ከሜዳው 5 ሜትር ከፍ ይላል። ከኋላዎ ላለ ሰው የሚተርፈው 9 ሳንቲ ተኩል ግድም ነው። የአንድ መዳፍ ስፋት። ደረጃዎቹ ሁሉ እኩል ቁመት ካላቸው ደግሞ ይህቺው መዳፍ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ትቀንሳለች፤ በደንብ የተነደፈ ስታዲየም የላይኞቹ እርከኖች ቀጥ እያሉ ሄደው ሰው የሚያዞሩት ለዚህ ነው። ያ ሁሉ ብረትና ሲሚንቶ የፈሰሰው ለአንድ መዳፍ ነው ማለት ነው። እርስዎ ሲነሱ ዓይንዎ 45 ሳንቲ ያህል ከፍ ይላል። ከተሰጠን አምስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረውን በአንድ ጉልበት መዘርጋት ወሰዱት።

የትከሻዎም ነገር አለ። ከኋላዎ የተቀመጠ የ8 ዓመት ልጅ ዓይኑ ከወለሉ አንድ ሜትር ግድም ነው። ትከሻዎ 45 ሳንቲ ቢሰፋ፣ ከልጁ 80 ሳንቲ ርቆ ሲቆም፣ በቅርብ ባለው የሜዳ ጠርዝ ላይ 12 ሜትር ያህል ይጋርዳል። በማዶው ጠርዝ ላይ 50 ሜትር። የሜዳው ርዝመት 105 ሜትር ነው። በኢትዮጵያ እግር ኳስ ይህን ያህል ሜዳ ብቻውን የዘጋ ተከላካይ አልታየም፤ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ደረጃ ላይ ወጥቶ ቢመለምልዎ አይቆጨውም።

“ልጁስ ለምን አይቆምም?” ይሉ ይሆናል። የ8 ዓመት ልጅ ሲቆም ዓይኑ የሚደርሰው የተቀመጠ ትልቅ ሰው ዓይን ያለበት ነው። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ይወጣል። ወንበሩ ታጣፊ ነው፤ ማጠፊያው በስተኋላ ነው። እግሩ ወደ ፊት ሆኖ እስከቆመ ድረስ ምንም አይልም። ኳስ አግዳሚውን ስትመታ ልጅ ይዘላል፤ ሲያርፍ ተረከዙ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ወንበሩ ከፊት ብድግ ይልና እግሩን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሃል ይይዘዋል። ፕላስቲኩም የሚሰነጠቀው እዚያው ማጠፊያው ጋ ነው። በማግስቱ የተሰበረ ወንበር ፎቶ ይወጣል፣ “ሥርዓት የሌለው ደጋፊ” ይባላል። ከተሰበረው ወንበር ፊት ማን ቆሞ እንደነበር የጠየቀ የለም።

ቦታ መርጦ ማምለጥም ተሞክሯል። “ከፊቴ ሰው የለም” ብሎ ከመተላለፊያው ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ ረድፍ የሚይዝ አባት አለ። እዚያ የሚጠብቀው የብረት መከለያ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ይሆናል፣ የልጁ ዓይን 1 ሜትር ላይ። ልጁ 90 ደቂቃ ብረት ያያል፤ ከብረቱ ማዶ ኮሎ ሻጭና ውሃ ሻጭ ይመላለሳሉ። ከዚያ ሦስት አራት ረድፍ ከፍ ማለት ይሻላል፣ ከከበሮውም ራቅ ብሎ። አስጨፋሪዎቹ ይቆማሉ፣ ለዚያውም ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው፤ ሥራቸው ስለሆነ ከእነሱ ጋር ጠብ የለንም። እርስዎ ግን ከበሮ እንኳ የለዎትም።

መቆም ክልክል ነው አላልንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ 2 ለ 2 ሲያደርግ፣ በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሲያስከትል፣ መንግሥቱ ወርቁ ግብጽ ላይ አራተኛውን ሲያስቆጥር ተቀምጦ የቀረ ሰው ከነበረ ሐኪም ሊያየው ይገባ ነበር። ለጎል ይቁሙ። ለፍፁም ቅጣት ምት ይቁሙ። ለመዝሙሩማ ግዴታ ነው። እርስዎ ግን የሚቆሙት በረኛው ጫማውን ሲያስር ነው።

ወይም ስልክ ሲደወል። “ሃሎ? የት ነህ? ቀና በል! እጄን እያወዛወዝኩ ነው! አየኸኝ? ቢጫ የለበሰው ልጅ አለ አይደል? አይ እሱ አይደለም፣ ሌላው ቢጫ!” ክቡር ሆይ፣ ያ ጎን በሙሉ ቢጫ ነው የለበሰው። ጎሉም የገባው “ሌላው ቢጫ” ላይ ነው፤ ስታዲየም ውስጥ ደግሞ “እስቲ ድገሙልን” የሚባል ነገር የለም።

ሰው እንዲቀመጡ የሚለምንዎ በደረጃ ነው። መጀመሪያ “ወንድሜ፣ እባክህ፣ ልጅ አለ።” ቀጥሎ “ሰውየው!” ቀጥሎ “አንተ ረጅሙ!” ከዚያ የመንደሪን ልጣጭ፤ በመጨረሻ ውሃ የቀረበት ሃይላንድ። ሃይላንዱ እርስዎን መትቶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚያርፈው ሁለት ረድፍ ወደ ታች፣ ምንም የማያውቁ አዛውንት ኮፍያ ላይ ነው። እርስዎ ዞር ሳይሉ “መቀመጥ የፈለገ ዲኤስቲቪ ቤት ይሂድ!” ይላሉ። ፊትዎን ልናይ የነበረችው ብቸኛ አጋጣሚ በዚህ ታልፋለች።

የካታንጋና የሚስማር ተራ (የአዲስ አበባ ስታዲየም ወንበር አልባ ቦታዎች) ልጅ ነኝ፣ እኛ ኳስ ቆመን ነው ያየነው የሚል መከላከያም እንዳለዎት ሰምተናል። እናከብረዋለን። ሲሚንቶ ላይ ቁጥር የለ፣ ወሰን የለ፣ አንዱ ሲነሳ ሦስት ሰው ይቀመጥበታል፤ መቆም የግድ ነበር። አዲስ ስታዲየም ግን በወንበር ይሠራል። አደይ አበባ ስታዲየም የተነደፈው 62 ሺህ ሰው እንዲያስቀምጥ ነው። እንዲያስቀምጥ። እንዲያቆምማ ቢሆን ሲሚንቶው መች አነሰ።

ጃንጥላውን ስለዘረጉባት ቀን ሌላ ደብዳቤ ይኖረናል።

የሚገርመን ግን 85ኛው ደቂቃ ነው። “ሳይጨናነቅ ልውጣ” ብለው ይነሳሉ (አስቀድመው ቆመው ስለነበር መነሳትዎን የምናውቀው ወደ ጎን ሲሄዱ ነው)። ረድፉን ሙሉ እግራችንን ረግጠው ያልፋሉ። አሁንስ ገላገለን ስንል መውረጃው ደረጃ ላይ ይቆማሉ። አይወጡም፤ ቀሪውን ከዚያ ያያሉ። እርስዎን ያዩ አሥራ አምስት ሰዎች አጠገብዎ ይቆማሉ። ያ ደረጃ አንድ ሰው ቢወድቅ፣ አንድ ልጅ ቢታመም፣ ቃሬዛ የሚያልፍበት ነው። ልጅ የያዘ ሰው ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ሩብ ሰዓት ቁጭ ብሎ ጠብቆ ይወጣል፤ ባቡር ጣቢያው ያን ጊዜ ይቀላል። በዚያ ሩብ ሰዓት ሜዳው በሙሉ ይታያል፣ 105 በ68፣ ባዶውን።

ስለዚህ የምንጠይቀው 9 ሳንቲ ተኩላችን እንዲመለስልን ነው።

ከሰላምታ ጋር
የኋላ ረድፍ ተቀማጮች

ግልባጭ፦
ለመስመር ዳኛው (መቆም ተፈቅዶለታል)
ኮፍያቸው ላይ ሃይላንድ ላረፈባቸው አባት፣ ከይቅርታ ጋር
ከእርስዎ ፊት ለቆሙት ክቡር ጀርባ፣ ነገሩ የተጀመረው እዚያ ነው ስለተባለ
ከኋላችን ላላችሁ፦ ታገሱን፣ ይህን የጻፍነው ቆመን ነው