በመለከት ተሳስቶ በሹክሹክታ ማረም

የዜና ተቋማት በመሳሳታቸው ሲታሙ ይኖራሉ፤ ከስህተታቸው የሚወጡበትን ብልሃት አይቶ ያመሰገናቸው ግን የለም። ዜናውን ለመሥራት አንድ «ታማኝ ምንጭ» እና አንድ ያልተደወለ ስልክ ይበቃል። ስህተቱን ለመሸፈን ግን አርታኢው፣ የማኅበራዊ ገጹ ኃላፊ፣ የዌብሳይት ባለሙያው፣ ሲብስም የሕግ አማካሪው ተጠራርተው ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ትጋት ዜናው ሳይወጣ ቢሆን ምን ነበረበት የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ሰበር ዜና የሚባለውን ነገር አያውቅም።

ጀማሪ ሁሉ ቀድሞ የሚማረው ዝም ብሎ መቀየርን ነው። «40 ሰዎች ሞቱ» የተባሉት 4 ሆነው ከተገኙ ዜሮዋን መንቀል፣ ከግርጌም አንዲት ቃል አለመጻፍ። ጠዋት አርባውን ያነበበ ሰው ከሰዓት ተመልሶ ሲመጣ ዓይኑን ይጠራጠራል እንጂ ተቋሙን አይጠራጠርም። ሥራው ግን ጥንቃቄ ይሻል። አርዕስቱ ሲለወጥ የሊንኩ አድራሻ ብዙ ጊዜ እንደነበረ ስለሚቀር፣ አርባዎቹ አድራሻው ውስጥ ተኝተው ይገኛሉ። ፌስቡክ ላይ የተጋራው ሊንክም መጀመሪያ የያዘውን አርዕስትና ፎቶ እስኪታደስ ድረስ አይለቅም። ወደ ስልክ የተላከ ማሳወቂያማ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስክሪን ሾት ያስቀረ ክፉ ሰው ብቅ ካለ «ፎቶሾፕ ነው» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማስረዳቱ የእሱ ዕዳ ነው።

የጥንቶቹ ይህን ጸጋ አላገኙም። እ.ኤ.አ. በ1948 ቺካጎ ዴይሊ ትሪቡን፣ በማተሚያ ሠራተኞች አድማ የተነሣ ከወትሮው ቀድሞ መታተም ስለነበረበት፣ የአሜሪካን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ሳይጠብቅ «ዱዊ ትሩማንን አሸነፈ» ብሎ አወጣ። ያሸነፈው ትሩማን ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ እየሳቀ ፎቶ ተነሣ። ወረቀት ላይ «አድስ» የሚል ቁልፍ የለም፤ ያሳዝናሉ።

ዝም ማለት ካልተቻለ ወደ ሰዋስው ይኬዳል። በዚህ በኩል አማርኛን የሚያህል ባለውለታ የለም። «ዘገብን» የነበረው አንዲት «ተ» ሲገባለት «ተዘገበ» ይሆናል፤ «ተ» በገባችበት በር ባለቤቱ ውልቅ ይላል። «ተሳሳትን» አይባልም፣ «ክፍተት ተፈጥሯል» ነው። ክፍተቱን ማን ከፈተው? «የቴክኒክ ችግር»። ማሽን ጠበቃ አያቆምም። «እርማት» የሚለው ቃል ራሱ ጆሮ ስለሚያሳክክ «ማብራሪያ» ይባላል፤ የተምታታው አንባቢው ነው ማለት ነው። ይቅርታ የግድ ከሆነም «ቅር የተሰኘ ወገን ካለ» የምትለዋ ከፊት ትቀድማለች።

የማብራሪያውም አጻጻፍ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «በቀደመው ዜናችን አንድ ግለሰብን አስመልክቶ የወጣው በማስተካከያው መሠረት እንዲነበብ» የሚለው ነው። ዜናውን ያላነበበ አይገባውም፣ ያነበበም የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ሁለተኛው ተቃራኒው ነው፦ «አቶ እገሌ ገንዘብ አጉድለዋል፣ ሰነድ ደልዘዋል፣ ተሰውረዋል በማለት ያወጣነው ትክክል አይደለም»። ስሙን ለማጥራት ስድቡን በሙሉ መድገም! ወርቅ ላበደረ ጠጠር እንኳ ከዚህ ይሻላል።

ቦታና ሰዓቱ ብዙ አያደክምም። ስህተቱ ፊት ገጽ ከወጣ እርማቱ ውስጥ ገጽ፣ ከጨረታ ማስታወቂያው ሥር፣ በደቃቅ ፊደል። ስህተቱ በዋናው የምሽት ዜና ከተነበበ እርማቱ ከእኩለ ሌሊት በኋላ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ትዕግሥት ነው። ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1920፣ አየር በሌለበት ሕዋ ሮኬት ሊሠራ አይችልም ብሎ በሳይንቲስቱ በሮበርት ጎዳርድ ላይ በርዕሰ አንቀጹ ተሳለቀ። እርማቱ የወጣው ጁላይ 17 ቀን 1969 ነው፤ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በተወነጨፈ ማግስት። ጎዳርድ በ1945 ስለሞተ አልደወለም። ይኸው ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ1898 ከ14,499ኛው እትም ቀጥሎ ያለውን 15,000 ብሎ ቆጥሮ ያረመው እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ማረም ደስ ይላል፤ የሚከስ ቁጥር የለም።

አንዳንድ ሥርዓት ያልተማሩ ተቋማት ከዜናው ራስ ላይ ምን ተብሎ እንደነበር፣ ትክክሉ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደታረመ ይጽፋሉ። አልበቃ ብሏቸው ስህተቱ በሄደበት ገጽና ማሳወቂያ እርማቱን መልሰው ይልካሉ፤ እርማቶቻቸውን ሁሉ የሚዘረዝር ቋሚ ገጽም ያኖራሉ። አንባቢ የሚባልገው በእነዚህ ነው።

ከሌላ የገለበጠ ደግሞ ምንም አያስጨንቀውም። «ምንጮች እንደጠቆሙት» ብሎ ገና ሲጀምር ውርድ ከራሴ ብሏል። ምንጩ ያጠፋውን ገልባጩ ሳያውቅ፣ ዜናው በእሱ ገጽ ላይ ዕድሜ ይጠግባል።

ከባዱ ፈተና ሞቱ የተባሉት ሰው ራሳቸው ስልክ የደወሉ እንደሆነ ነው። ልምድ የሌለው አርታኢ እዚህ ላይ ይደነግጣል። ልምድ ያለው ግን ወዲያው ካሜራ ይልካል፦ «ሰበር ዜና፦ አቶ እገሌ ሞቱ መባሉን አስተባበሉ»። ለእኛ ብቻ የተሰጠ ቃለ ምልልስ፣ ፊት ገጽ፣ ትልቅ ፎቶ። ማን ሞቱ እንዳለ ግን ዜናው ውስጥ የለም።