ዘነዘናው እስኪነሳ ድረስ

ጎረቤቴ ቡና አፍልታ ትሸጣለች። ቤቷ እዚህ ጅማ፣ ከአዌቱ ወንዝ ብዙም አይርቅም። ጠዋት ጠዋት ቡና ስትወቅጥ የሚሰማው ድምፅ ለእኔ ሰዓቴ ነው። ዱቅ ዱቅ ሲል አንድ ሰዓት ሆኗል ማለት ነው። አንድ ማክሰኞ ድምፁ ቀረ። ምን ሆነች ብዬ ስገባ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ከሰል ታራግባለች። «እትዬ፣ ጥርሴን አሞኝ ነው» አለችኝ። ነጠላውን ገለጥ ሳደርገው ግራ ጉንጯ አብጧል፤ ዓይኗ ሥር በልዟል። የአራት ጣት ምልክት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የጥርስ ሕመም ጣት የለውም።

ስሟን አልጽፍም። ታሪኳን እንድጽፍ ግን ፈቅዳልኛለች። «ለሌላዋ ከጠቀመ ጻፊው» ነው ያለችኝ።

አብረን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ክፉ ሰው አልነበረም። እንደ ጅማ ሰው ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ እያደረገ በትሕትና ጠየቃት። ለጤና ጣቢያ ደብዳቤ ጻፈላት። እዚያ ደግሞ ተረኛዋ ባለሙያ ጉንጯን ጫን ጫን አድርጋ አየች፣ አፏን አስከፈተቻት፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ቃላት አሰፈረች። እብጠት አለ። ቆዳው በልዟል። ስብራት የለም። ቁስል የለም። ወረቀቱን ይዘን ስንመለስ መርማሪው አነበበውና ቀና አለ። «ይሄ የእጅ እልፊት ነው» አለን።

ቃሉን ጎረቤቴ ሰምታው አታውቅም። ስንወጣ «እልፊት ማለት አለፈ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አለፈ፣ ተረሳ፣ ሂጂ የተባለች መስሏት ነበር። ዓይኗ ሥር ያለው ገና አልጠቆረም ነበር።

ነገሩ ግን የመርማሪው ፈጠራ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕጋችን ሆን ተብሎ ሰውነት ላይ የሚደርስን ጥቃት ደረጃ ሰጥቶ ያስቀምጠዋል። ከላይ ያለው ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ አንቀጽ 555። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ቁስል፣ አካልን መቁረጥ ወይም ከጥቅም ውጭ ማድረግ፣ መልክን ክፉኛ ማበላሸት እዚህ ይገባል። ቅጣቱ እንደ ጉዳቱ ክብደት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ወይም ከ1 ዓመት የማያንስ ቀላል እስራት ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ቀላል የአካል ጉዳት ይመጣል፤ አንቀጽ 556። ከሁሉም በታች ያለው የእጅ እልፊት ነው፤ አንቀጽ 560። መታ፣ ገፋ፣ ግን አካል ላይ ጉዳት አልደረሰም ሲባል ማለት ነው። ሕጉ እዚህ ጋ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሯል። ሰንበር፣ መበለዝ፣ እብጠት፣ ቶሎ የሚለቅ ሕመም በዚህ አንቀጽ ዓይን የአካል ጉዳት አይደሉም። ቅጣቱ እስከ 300 ብር መቀጮ ነው። ነገሩ ከበድ ካለ ደግሞ እስከ 3 ወር እስራት ይደርሳል።

ዛሬ ጅማ ውስጥ በ300 ብር አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም።

ይህን ስል አንቀጹ ጨርሶ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እዚሁ ጅማ መርካቶ ጋ ሁለት የባጃጅ ልጆች በአንድ ተሳፋሪ ሲጣሉ አይቻለሁ። «ተራው የኔ ነው»፣ «አይደለም» ተባባሉ። አንዱ በጥፊ አጮለው፤ ሌላውም አልተኛለትም። ሰው መሀል ገብቶ ገላገላቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። እንዲህ ላለ ነገር አንዱን ወጣት ዓመት ማሰር ግፍ ነው። የእጅ እልፊት የሚባለው ነገር ለእነሱ ልክ ነው። እኩያሞች ናቸው። ሲመሽ እያንዳንዱ ወደየቤቱ ይገባል። የመታው ከተመታው ጋር አንድ አልጋ ላይ አይተኛም፤ የአስቤዛውን ብርም አይቆጣጠርበትም።

ችግሩ በዚያው መለኪያ የቤት ውስጡ ዱላም መለካቱ ነው። የ1996ቱ ሕግ በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸምን ጥቃት በአንቀጽ 564 ለብቻው አንስቷል። ትልቅ እርምጃ ነበር፤ አላሳንሰውም። አንቀጹን ገልጠህ ስታነብ ግን የራሱ ቅጣት የለውም። ወደ 555ና ወደ ተከታዮቹ መልሶ ይመራሃል። ዞሮ ዞሮ ጥያቄው ቁስል አለ ወይስ የለም የሚለው ብቻ ይሆናል።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሽማግሌዎች መጡ። የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱን እኔም እንደ አባት ነው የማየው። «ልጄ፣ ቤቱ ያንቺም ነው። ልጆችሽን አስቢ» አሏት። ባሏ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። የእጅ እልፊት የሚያስከስሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው። ተራው ቀላል የአካል ጉዳትም እንደዚያው። አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እንግዲህ የክሱ ነፍስ በእሷ እጅ ነበር ማለት ነው። ሽማግሌው፣ አማቷ፣ የገዛ እናቷ፣ ሁሉም የሚለምኑት እሷን ነው። የመታትን ሰው «ተው» ብሎ ደጅ የጠናው የለም። እሷን «ተይ» የሚለው ግን ቤቱን ሞላው። ተወችው።

አራት ወር ሳይሞላ ጆሮዋ ላይ መታት። ሳምንት ሙሉ ጮኸባት። ሌላ ተረኛ፣ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ መርማሪ። ያኛውን የሚያስታውስ የለም። አሁንም የእጅ እልፊት ተባለ። እንደገና እንደ መጀመሪያ ጊዜ።

ሦስተኛው ጠዋት ላይ ነው። ቡና እየወቀጠች ነበር። ዘነዘናውን ከእጇ ነጥቆ ሲሰነዝርባት ፊቷን በክንዷ ከለለች። የክንዷ አጥንት ተሰነጠቀ።

ያኔ ሁሉም ነገር ተለወጠ። አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 2 እንዲህ ይላል፤ ቃል በቃል ሳይሆን ሐሳቡን ነው የማስቀምጠው። ጉዳቱ የደረሰው በመርዝ፣ በጦር መሣሪያ ወይም ጉዳት ማድረስ በሚችል ሌላ ነገር ከሆነ ቅጣቱ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ነው። የግል አቤቱታም አይጠብቅም። ተጎጂው ደካማ፣ ሕመምተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ሲሆንም እንደዚሁ ነው። ዘነዘና ጉዳት ማድረስ ይችላል። ዐቃቤ ሕግ በዚሁ ንዑስ አንቀጽ ከሰሰ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና መጡ። «ጉዳዩ ከእኔ እጅ ወጥቷል፤ መንግሥት ነው የከሰሰው» አለቻቸው። ይህን ስትል ፊቷን አይቼዋለሁ። ትከሻዋ ላይ የነበረ ሸክም የወረደላት ነው የሚመስለው። ሴትየዋ ዓመት ሙሉ የተቸገረችው ባሏን መፍራቱ ብቻ አልነበረም። ከሳሽ መሆን ነበር። የልጆቿን አባት ያሳሰረች መባል ነበር። ዘነዘናው ያን ሸክም አነሳላት። እስኪ አስቡት፤ ያ ሸክም እንዲነሳላት አጥንቷ መሰንጠቅ ነበረበት።

ያው ሰው ነው። ያው እጅ ነው። ሕጉ ያየው ግን እጁ ባዶ መሆን አለመሆኑን ነው። እኔ የምቃወመው ይህንን ነው። በየጊዜው የሚደርሰውን ጥፊ አንድ በአንድ ነጥለህ ካየኸው ሁልጊዜ ትንሽ ነው። አንድ ላይ ስትደምረው ግን የአንዲት ሴት ኑሮ ነው። የሚደምረው ሰው የለም።

ደግሞ የሚያሳዝነው ሕጉ ራሱ በር አለው። የአካል ጉዳት ምዕራፍ የሚጀምርበት አንቀጽ 553 ጉዳት የሚለው አካልን ብቻ አይደለም፤ የአእምሮ ጤንነት ላይ የሚደርሰውንም ይጨምራል። አንቀጽ 564ም ይህንኑ ይጠቅሳል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 4 በሴቶች ላይ አካላዊ ወይም አእምሯዊ ጉዳት የሚያስከትሉ ሕጎችን፣ ወጎችንና ልማዶችን ይከለክላል። ታዲያ ጎረቤቴን ያኔ ማንም «ሌሊት ትተኛለሽ ወይ?» ብሎ አልጠየቃትም። አትተኛም ነበር። የበሩ መቀርቀሪያ ሲንኳኳ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሲኒ ስትቀዳልኝ አይቻለሁ። ይህ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ የለም። ከፖሊስ የወጣው ደብዳቤ የሰውነቷን ጉዳት ብቻ ነው እንዲታይ የጠየቀው። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ፣ ባለሙያም የሚያሠለጥን የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እዚሁ ከተማችን ውስጥ አለ። ሩቅ አገር አይደለም፤ የባጃጅ መንገድ ነው።

ሌላ አገር ይህ ጥያቄ እንዴት እንደተመለሰ ማየቱ አይከፋም። በእንግሊዝ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ዋናው የአካል ጉዳት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1861 የወጣ ነው። ከእኛው ይልቅ እጅግ ያረጀ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1997 የአገሪቱ የበላይ ዳኞች አንድ ሰው ሴቶች ጋ እየደወለ ዝም በማለቱ ብቻ ባደረሰው የአእምሮ ጉዳት ጥፋተኛ መባሉን አጸኑ። እጁን አላነሳም፤ ስልክ ነው ያነሳው። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ የቤተሰብ አባልን ወይም የትዳር ጓደኛን በተደጋጋሚ መቆጣጠርና ማስጨነቅ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ። ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ነው። እዚያ ድግግሞሹ ራሱ የወንጀሉ አካል ነው። የእነሱን ሕግ እንገልብጥ አልልም። መደጋገምን መቁጠር ይቻላል ነው የምለው።

ነገሩ የአንዲት ጎረቤቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው ወይም ከትዳር ጓደኛቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ደግሞ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ስለ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ልበል። እኔ ሽምግልናን አልጠላም። እዚህ አገር ያደገ ሰው ሊጠላው አይችልም። ጃርሳ ቢያ፣ የኦሮሞ የአገር ሽማግሌዎች ሽምግልና፣ ስንቱን ደም አድርቋል። የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና ሰጥቷል። እንዲያውም በሦስተኛው ጊዜ ከመጡት አንዱ አረጋዊ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ። ባሏን አዩትና «ይሄ ስንተኛህ ነው?» አሉት። ዝም አለ። «እኔ ሦስት ቆጥሬአለሁ» አሉት። መርማሪው ያልቆጠረውን፣ ባለሙያዋ ያልጻፈችውን እሳቸው ቆጠሩት። ሽምግልናው ከመጀመሪያው በዚህ ጥያቄ ቢጀምር ምን ነበረበት?

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሕግ አውጪዎች የ300 ብሩን ነገር ይዩት። ከዚያ በላይ ግን አብሮ በሚኖር ሰው ላይ በተደጋጋሚ የሚፈጸም የእጅ እልፊት ከግል አቤቱታ ይውጣ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ዐቃቤ ሕግ በራሱ ይክሰስ። እስከዚያው ደግሞ አዋጅ የማይጠብቅ ነገር አለ። ፖሊስ ጣቢያ አቤቱታው የተተወበትን መዝገብ እንዳልነበረ አያድርገው። ያው ስም እንደገና ሲመጣ ይውጣ። ለሐኪም የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ «የአእምሮ ጤንነቷም ይታይልን» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ነው።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ደርሶብሽ ከሆነ በዚያው ቀን ታከሚ። እብጠት በሦስት ቀን ይከስማል፤ ወረቀት ግን ይቀራል። ጆሮሽ ከጮኸ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ እንቅልፍ ካጣሽ ሁሉንም ተናገሪ፤ መጻፉንም አይተሽ ውጪ። የወረቀቱን ቅጂ እናትሽ ወይም ጎረቤትሽ ጋ አስቀምጪ።

የጎረቤቴ ጉዳይ ገና ፍርድ ቤት ነው። ዘነዘናው ኤግዚቢት ሆኖ ፖሊስ ጋ ተቀምጧል። ባለፈው ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ወርደን አዲስ ገዛን። እሷ እያነሳች ስትመዝን ነጋዴዋ «ለምን ቀለል ያለውን ትመርጫለሽ?» አለቻት፤ አልመለሰችላትም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወረቀቶች ፈልገን ፎቶ ኮፒ አስደርገናል። ሰኞ ለዐቃቤ ሕጉ እንሰጣለን።