ትንኝን የምናውቃት በወባ በኩል ብቻ ነው

እ.ኤ.አ. በ2024 ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት የተደረጉት፣ በትንኝ በሚተላለፍ ቫይረስ የሚመጣው የደንጊ ትኩሳት ሕሙማን ከ14 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ለሕዝብ የሚተላለፈው ምክር ግን ብዙ ጊዜ «ከትንኝ ተጠንቀቁ» ከሚለው አያልፍም። የትኛዋ ትንኝ? ሰሚው ወዲያው የሚያስበው በሌሊት የምትናደፈውን፣ ረግረግ የምትወደውን የወባ ትንኝ ነው። ማታ አጎበሩን ይዘረጋል፣ ራቅ ያለውን ኩሬ በጥርጣሬ ያያል፣ የሚጠበቅብኝን አድርጌአለሁ ብሎም ይተኛል።

ደንጊን በዋናነት የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይ ግን የቀን ተናዳፊ ናት፤ በተለይ ማለዳና ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። አጎበር ቀን ለሚተኛ ሕፃንና ለሕመምተኛ ይጠቅማል፤ ሥራ ላይ ላለ ሰው ግን ምን ይፈይዳል? መራቢያዋም ረግረግ አይደለም። ክዳን የሌለው በርሜል፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ ደጅ የተጣለ ጎማ፣ ዝናብ ያቆረ ጣሳ ይበቃታል። ለመጠጥ የቀዳነው ንጹሕ ውሃም ቢሆን።

ብዙ የመከላከያ ዘመቻዎች የሚያልፉት ነገር እዚህ ላይ አለ። እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ጥቂት ከፍ ብላ፣ እርጥብ በሆነው የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ በርሜሉን ደፍቶ መልሶ መሙላት ትንኟን አያጠፋትም። ግድግዳው በብሩሽ መፈግፈግ አለበት፤ ያውም በየሳምንቱ፣ ምክንያቱም በሞቃት አየር ከእንቁላል ተነሥታ ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። ይህን ብቻ የሚናገር ፖስተር ከአሥር «ተጠንቀቁ» ይሻለኛል።

የወባ ልማድ ከታመምን በኋላም ያሳስተናል። ምርመራው ወባ እንደሌለባቸው ሲያሳይ ብዙዎች ይረጋጋሉ፤ ለራስ ምታቱና ለመገጣጠሚያ ቁርጥማቱም ያገኙትን ማስታገሻ ይውጣሉ። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን በደንጊ ጊዜ የመድማትን አደጋ ስለሚጨምሩ የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው። ትኩሳቱ በረደ ማለትም ዳንን ማለት አይደለም። ጽኑ ደንጊ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ባሉት 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት ከታየ ለነገ ሳይባል ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ቫይረሱ አራት ዓይነት ስለሆነ አንድ ጊዜ የታመመ ሰው በሌላው ዓይነት ዳግም ሊያዝ ይችላል፤ ሁለተኛው ሕመም ደግሞ ጽኑ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ባለሥልጣናትስ? ወረርሽኝ ሲነሣ የሚወዱት የትንኝ መግደያ የሚረጭ የጭስ መኪና ነው፤ ይታያል፣ ይሰማል፣ ለፎቶግራፍም ይመቻል። ጭሱ በዚያች ሰዓት የሚበሩትን ይገድላል፤ ቤት ውስጥ አልጋ ሥርና ልብስ መሐል የተሸሸጉትን ብዙም አያገኛቸውም፤ የበርሜሉን እንቁላል ጨርሶ አይነካም። ወረርሽኝ በጋለበት ሰፈር ቦታ ይኖረው ይሆናል፤ እንደ ዋና መከላከያ ሲቀርብ ግን ትርኢት ነው።

ቤተሰቡን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰው በርሜል የሚደረድረው ቧንቧው ስለማይታመን ነው፤ ጎማው ደጅ የሚከርመውም የሚሰበስበው ስለሌለ ነው። በየሳምንቱ ፈግፍጉ የሚል መንግሥት ቢያንስ በልኩ የተሠራ ክዳን ያድል፤ ቆሻሻውን በወቅቱ ያንሣ፤ የውሃ መሥሪያ ቤቱንም ከጤና ቢሮው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያስቀምጥ።