ማስተካከያ፦ በሙዚየም ድግስ ላይ የታየ ሥራ የማን ነው?

ስለ ሙዚየሞች የአንድ ምሽት ድግስ ሰሞኑን በተሰራጨው ጽሑፍ ላይ መስተካከል ያለበት ነገር አለ። “በድግሱ የሚቀርቡት የአካባቢው ሠዓሊያን አዳዲስ ሥራዎች የሙዚየሙ ስብስብ አካል ይሆናሉ” ይላል። እንዲህ አይደለም።

ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ለዚያች ምሽት ብቻ በውሰት የመጣ ነው። ሲገባም ሲወጣም ያለበት ሁኔታ ከነፎቶው ይመዘገባል፤ የፍሬሙ ጥግ ላይ ያለች ጭረት፣ ቀለሙ ላይ ያለች ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ሳትቀር። አሰልቺ ወረቀት ይመስላል። ግን የሆነ እንግዳ ወይን ቢደፋበት ጭቅጭቁን የሚገላግለው እሱ ነው። ሙዚየሙ ሥራውን የራሱ ለማድረግ መግዛት ወይም በስጦታ መቀበል አለበት፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ በኮሚቴ ታይቶ ነው የሚወሰነው። ቢገዛው እንኳ፣ በውል ካልተላለፈ በቀር፣ የቅጂ መብቱ በአብዛኞቹ አገሮች ከሠዓሊው ጋር ይቆያል። ስለዚህ ሥዕሉን ገዛሁ ብሎ ቲሸርት ላይ ማተም አይቻልም። ወጣት ሠዓሊያን ይህቺን ነገር ልብ በሏት።

ሌላው የታሪክ ጉዳይ ነው። ሙዚየሞችን በሌሊት ክፍት የማድረግ ዘመቻ “እ.ኤ.አ. በ2005 ፓሪስ ላይ ተጀመረ” መባሉ ልክ አይደለም። በርሊን “የሙዚየሞች ረጅም ሌሊት” የሚለውን ዝግጅት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ፓሪስ ዘመናዊ ጥበብን በከተማው ላይ የሚበትነውን “ነጭ ሌሊት” ያዘጋጀችው በ2002 ነው። 2005 “የአውሮፓ የሙዚየሞች ሌሊት” በዚህ ስሙ የተጀመረበት ዓመት ነው።

መጠጥ ከሥዕሎቹ አዳራሽ ውጭ እንዲቀር በጽሑፉ የተሰጠው ምክር ግን ትክክል ነው።